በጅምላ ቆጥሮ በነጠላ መፍረድ፦ ግለሰብና ቡድን በአሜሪካ

(በቃል ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ2020ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ዘር ይጠይቃል። «ነጭ» ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ጀርመናዊ፣ አይሪሽ፣ እንግሊዛዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ሊባኖሳዊና ግብፃዊ ተጠቅሰዋል። «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር ደግሞ ጃማይካዊ፣ ሃይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ ተብሎ ተዘርዝሯል። በዚህ ቅጽ ከሄድን ዓባይ ከጣና ሲነሣ ጥቁር ነው፤ ካይሮ ሲደርስ ነጭ ይሆናል።

በመጋቢት 2024 የዋይት ሐውስ የአስተዳደርና የበጀት ጽሕፈት ቤት ደንቡን አሻሻለና «መካከለኛው ምሥራቅ ወይም ሰሜን አፍሪካ» የሚል አዲስ ሳጥን ጨመረ። ግብፃዊው ከነጮቹ ወጥቶ ወደዚያ እንዲዛወር ተወሰነ ማለት ነው። ሰውየው ስሙንም መልኩንም አልለወጠም። ይህ ደንብ መመሪያ 15 ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1977 ሲሆን፣ ያኔውኑ «እነዚህ ክፍፍሎች ሳይንሳዊ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም» ብሎ በራሱ አፍ ተናግሯል። ከአንድ በላይ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ የተፈቀደው እንኳ ገና በ2000ው ቆጠራ ነው።

ስለ አሜሪካ ስናወራ «የግለሰብ አገር ነው፣ ሁሉም ለራሱ ነው» ማለት ይቀናናል። ታዲያ ያው አገር ሥራ ስናመለክት፣ ልጅ ስናስመዘግብ፣ ሐኪም ቤት ካርድ ስናወጣ «ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀን ለምንድን ነው? የዛሬው ንግግር በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ። በአማርኛ «ግለኛ» ስድብ ነው፤ የጎረቤቱ ለቅሶ የማይሰማው፣ ጉርሻ የማያውቅ ሰው ነው ግለኛ። በአሜሪካ ሕግ ውስጥ ያለው ግለሰባዊነት የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ የመብት ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገር የሕግ ነገር ነው። «ዘር» ደግሞ በእኛ አፍ ቤተሰብንም፣ ብሔርንም፣ ቀለምንም ያጠቃልላል። እነሱ ለየብቻ ይቆጥሩታል፦ «ሬስ» ሌላ፣ «ኢትኒሲቲ» ሌላ፣ «የትውልድ አገር» ሌላ። ከእኛ ወገን ቅጽ ሲሞላ ግራ የሚጋባው አንዱ በዚህ ነው።

ባጭሩ እንዲህ ላስቀምጠው። የአሜሪካ ሕግ መብትን የሚሰጠው በነጠላ ነው፤ በደልን የሚያየው ግን ብዙውን ጊዜ በጅምላ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ «በዘሬ ምክንያት ተገፋሁ» ሲል የሚያምነው የለም፤ መቶ ሰው ተቆጥሮ ስድሳው ተመሳሳይ ነገር ደርሶበት ሲገኝ ያን ጊዜ ነገሩ ይታያል። መቁጠሪያው ጅምላ፣ መፍረጃው ነጠላ መሆኑ በራሱ ክፋት የለውም። ነገሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ማለትም በጅምላ ሲፈረድ ወይም ጅምላውን ለማየት እምቢ ሲባል ነው።

በ1790 የመጀመሪያው ቆጠራ ሲደረግ ሰው በአምስት ረድፍ ተጻፈ፦ 16 ዓመት የሞላቸው ነፃ ነጭ ወንዶች፣ ከዚያ በታች ያሉ ነፃ ነጭ ወንዶች፣ ነፃ ነጭ ሴቶች፣ ሌሎች ነፃ ሰዎች፣ ባሪያዎች። በዚያው ዓመት የወጣው የዜግነት ሕግ ዜጋ መሆን የሚችለው «ነፃ ነጭ ሰው» ነው አለ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ የሕገ መንግሥቱ አሥራ አራተኛ ማሻሻያ መጣና የሕግን እኩል ጥበቃ ለ«ማንኛውም ሰው» ሰጠ። ወገን አልጠቀሰም፤ ሰው ነው ያለው። ሳጥኖቹ ግን አልጠፉም። እስከ 1950 ድረስ ዘርን የሚጽፈው ቆጣሪው ነበር፤ በር ያንኳኳል፣ ያያል፣ ይጽፋል። በ1930 «ሜክሲኳዊ» ራሱን የቻለ ዘር ተደርጎ ተቆጠረ፤ በ1940 ተሰረዘ።

ሳጥኑ ምን ያህል እንደሚዋልል ለማየት የሦስት ወር ልዩነት ያላቸውን ሁለት ፍርዶች እንመልከት። በኅዳር 1922 ታካኦ ኦዛዋ የተባለ ጃፓናዊ «ቆዳዬ ከብዙ ነጮች ይነጣል» ብሎ ያቀረበው የዜግነት ጥያቄ ውሳኔ አገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ነጭ ማለት የቆዳ ቀለም አይደለም፣ ካውካሳዊ ከሚባለው ዘር መሆን ማለት ነው» ብሎ መለሰው። በየካቲት 1923 ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ሕንዳዊ ይህን ይዞ «እንግዲያው በሳይንቲስቶቹ አከፋፈል እኔ ካውካሳዊ ነኝ» ብሎ ቀረበ። ያው ፍርድ ቤት አሁን ደግሞ «ሳይንቲስቶቹን ተዋቸው፣ ተራው ሰው ነጭ የሚለውን ነው የምንከተለው» አለ። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ኦዛዋ በአሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረና የተማረ ሰው ነበር፤ ያ ሁሉ ከቁጥር አልገባለትም።

አሁን ወደ 1942 እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በየካቲት 19 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ 9066ን ፈረሙ። ትእዛዙ የማንንም ወገን ስም አይጠራም፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን በምዕራቡ ጠረፍ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች ተለቅመው ወደ ካምፕ ገቡ። ወደ 120,000 ሰው ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር ተሰጠ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ በሻንጣውም በልጁ ኮትም ላይ ታሰረ። የቆጠራው መሥሪያ ቤት የጃፓን ተወላጆች በየትኛው ሠፈር እንደሚበዙ የሚያሳይ ስሌት ለጦሩ አቅርቦ ነበር። ለመልካም የተሰበሰበ የጅምላ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በ1943 ደግሞ በካምፑ ውስጥ መጠይቅ ተበተነ። ጥያቄ 27 ለጦር ሠራዊቱ ለማገልገል ፈቃደኛ መሆናቸውን፣ ጥያቄ 28 ለአሜሪካ ታማኝነታቸውን ምለው ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት መታዘዝን መካዳቸውን ይጠይቅ ነበር። አስቡት፤ በጅምላ ታስረህ በነጠላ ትመረመራለህ። የመጀመሪያው ትውልድ ስደተኞች በሕጉ የአሜሪካ ዜጋ መሆን የማይችሉ ስለነበሩ፣ የጃፓንን ካዱ ማለት አገር አልባ ሆኑ ማለት ነበር፤ ኋላ ላይ የጥያቄው አጻጻፍ ለእነሱ ተለወጠ። ለሁለቱም «አይ» ብለው የመለሱት ቱሊ ሌክ ወደተባለው ካምፕ ተላኩ።

ታኅሣሥ 18 ቀን 1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን ሁለት ፍርድ ሰጠ። በፍሬድ ኮሬማትሱ ጉዳይ፣ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ሰውን በወገኑ ምክንያት ከጠረፉ ማስወጣት ይቻላል አለ። በሚትሱዬ ኤንዶ ጉዳይ ደግሞ፣ በሙሉ ድምፅ፣ መንግሥት ራሱ ታማኝ መሆኗን ያመነላትን ዜጋ ይዞ ማቆየት አይችልም አለ። ኤንዶ የካሊፎርኒያ መንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ ወንድሟ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለግል ነበር። ወደ ጠረፉ ላለመመለስ ተስማምታ እንድትወጣ ቢነገራትም እምቢ ብላ ክሷ እስኪያልቅ ካምፕ ውስጥ ቆየች። አንዱ ፍርድ ስትወጣ በጅምላ መሆኑን ያጸድቃል፣ ሌላው ስትያዝ በነጠላ መታየት አለባት ይላል፤ ዳኞቹ ግን ያው ዳኞች ናቸው።

ካሣው የተከፈለበት መንገድ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1988 የወጣው ሕግ መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ አደረገ፤ ለእያንዳንዱ በሕይወት ለተገኘ ተጎጂም 20,000 ዶላር ቆረጠ። ከ82,000 በላይ ሰዎች ተቀበሉ። ሕጉ ከመፈረሙ በፊት የሞተ ሰው ድርሻ አልነበረውም፤ ልጆቹ ቢኖሩም። በደሉ በጅምላ ወረደ፣ ካሣው በስም ዝርዝር ወጣ። ለጠቅላላ ወገን የሚከፈል ካሣ በአሜሪካ ሁልጊዜ የሚያከራክረውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን የተባለ ሰው ነው? የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሣል።

ወደ ሥራ ቦታ እንምጣ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል አሠሪ «ማንኛውንም ግለሰብ» በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳይበድል ይከለክላል። «ግለሰብ» የምትለዋ ቃል እንደዋዛ የገባች ትመስላለች፤ ስንት ክስ ግን በእሷ ተረትቷል።

ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ጡረታም ለረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። የሎስ አንጀለስ የውሃና የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ይህን አስልቶ ከሴት ሠራተኞቹ ደመወዝ ከወንዶቹ 14.84 በመቶ የሚበልጥ የጡረታ መዋጮ ይቆርጥ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ማንም አልካደውም። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ከለከለ። ስለ ሴቶች በጠቅላላው እውነት የሆነው ነገር ስለ አንዲት ሴት እውነት ላይሆን ይችላል፤ ከብዙ ወንዶች ቀድማ የምትሞት ሴት አለች፣ እሷ በሌሎቹ ዕድሜ ለምን ትከፍላለች? ነው ነገሩ። በጅምላ የሚነገረው ሐሰት ቢሆን ፍርዱ ቀላል ነበር። እዚህ የተፈረደው ግን በእውነተኛ አማካይ ላይ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ከኮኔቲከት የመጣ ጉዳይ አለ፤ በ1982 የተፈረደ ነው። የስቴቱ መንግሥት ወደ ኃላፊነት ለማሳደግ መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ሰጠ። ከ48 ጥቁር ተፈታኞች 26ቱ አለፉ፤ 54 በመቶ መሆኑ ነው። ከ259 ነጮች 206ቱ አለፉ፤ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። የወደቁ ጥቁሮች ከሰሱ። ስቴቱ ከዚያ በኋላ ካለፉት መካከል ሲሾም ግን 11 ጥቁሮችንና 35 ነጮችን አሳደገ። ከተፈታኙ ጋር ሲሰላ ከጥቁሮቹ 23 በመቶ ያህሉ፣ ከነጮቹ 13.5 በመቶው አደጉ። «እንግዲህ በመጨረሻ የተጠቀሙት ጥቁሮቹ ናቸው፣ ምን ቅሬታ አለ?» አለ መንግሥቱ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 አልተቀበለውም። በፈተናው የወደቀው ሰው የሌላ ጥቁር መሾም ለእሱ ምን ይረባዋል? ወንድምህ በልቷልና አንተም ጠግበሃል እንደማለት ነው።

ሆኖም ፈተናው ጎጂ መሆኑ የታወቀው በምንድን ነው? በጅምላ ቁጥር ነው። በ1978 የወጣው የፌዴራል የቅጥር መመሪያ «የአራት አምስተኛ» የሚባል መለኪያ አለው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቡድን የተቀጠረውን ለአመልካቹ ታካፍላለህ፤ ከዚያ ዝቅተኛውን ውጤት ለከፍተኛው ታካፍላለህ። ከ80 በመቶ ካነሰ አድልዎ ሊኖር ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። 100 ወንዶች አመልክተው 50 ቢቀጠሩ 50 በመቶ ነው። 25 ሴቶች አመልክተው 9 ቢቀጠሩ 36 በመቶ ነው። 36 ለ50 ሲካፈል 72 ይመጣል፤ ያስጠረጥራል። አሁን አንዲት ሴት ጨምሩ፤ 10 ይሆናሉ፣ 40 በመቶ፤ 40 ለ50 ሲካፈል ልክ 80 ይሆናል። አንዲት ሴት ስትጨመር ጥርጣሬው ይጠፋል። መመሪያውም ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን በዚህ ስሌት ብቻ አትደምድሙ የሚለው ለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሠሪው 72ን 80 ለማድረግ ሲል ብቻ አንዱን ሰው በወገኑ ቢመርጥ ወይም ቢጥል ራሱ ሕግ ጣሰ። የኒው ሄቨን ከተማ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። 118 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለዕድገት ተፈተኑ፤ ውጤቱ ሲታይ ጥቁር ተሿሚ እንደማይኖር ታወቀ፤ ከተማዋ ክስ ፈርታ ፈተናውን ሰረዘች። ያለፉት ከሰሱ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አሁንም በ5 ለ4፣ ፈረደላቸው፦ ክስን መፍራት ብቻውን የሰውን ውጤት በዘሩ ምክንያት ለመጣል አይበቃም፤ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል። ከኮኔቲከቱ ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ጊዜ ያሸነፈው በስሙ የቆመው ሰው ነው፤ አንዴ ጥቁር ነበር፣ አንዴ በአብዛኛው ነጭ።

ከ2025 ወዲህ ሚዛኑ ወደ ነጠላው ይበልጥ አዘንብሏል። በጥር የትራምፕ አስተዳደር ከ1965 ጀምሮ የመንግሥት ኮንትራክተሮች በቅጥር አድልዎ እንዳያደርጉ ያዝ የነበረውን የፕሬዚዳንት ጆንሰንን ትእዛዝ ሻረ። በሚያዝያ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጅምላ ውጤት ላይ የሚመሠረቱ ክሶችን ወደ ጎን እንዲያደርጉ ታዘዙ። ኮንግረሱ በ1991 በሕግ ያሰፈረው የክስ ዓይነት ግን በትእዛዝ አይሻርም፤ ተበዳዩ በግሉ ጠበቃ ይዞ መክሰስ ይችላል። በሰኔም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከኦሃዮ በመጣ ጉዳይ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ አይጠየቅም ብሏል። ምክንያቱ ያችው ቃል ናት፤ «ግለሰብ»።

ከእኛ ሰው ክስ የሚያስብ ካለ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሰባተኛው ክፍል የሚሠራው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ ነው። አቤቱታው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ስቴቱ ወይም ከተማው የራሱ ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረህ ቀን እንጂ ከሥራ ከወጣህበት ቀን አይደለም፤ ብዙ ሰው ቀን የሚያልፍበት በዚህ ነው። አነስተኛ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት ከሆነ በ1866 የወጣ አሮጌ ሕግ አለ፤ የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፣ ኮሚሽን ዘንድ ሂድ አይልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 የዘር ሐረግንም እንደሚሸፍን ወስኗል፤ በትውልድ አገር ላይ ብቻ የቆመ ክስ ግን አይገባበትም።

አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው «ሐበሻ አይወዱም» ብሎ ሲጀምርና እዚያው ሲያበቃ ነው። ይህ የጅምላ ቃል ነው። መርማሪው የሚፈልገው ማነጻጸሪያ ሰው ነው፦ በዚያው አለቃ ሥር፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ያንኑ ጥፋት ያጠፋ፣ ግን ያልተቀጣ ሰው። ማን? በየትኛው ቀን? ማን አየ? የንግግር ቅላጼ ጉዳይም እንዲሁ ነው። አሠሪ በቅላጼህ ምክንያት ሊጎዳህ የሚችለው ቅላጼው ሥራውን በእርግጥ የሚያውክ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስልክ ላይ ሠርተህ ደንበኛ የተግባባህበትን ማስረጃ መያዝ «ዘረኞች ናቸው» ከሚል አሥር ገጽ ይሻላል።

ስለ ዩኒቨርሲቲ አጠር ላድርገው፤ ብዙ የተባለበት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ወንበር 16ቱን ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ በ1978 ተከለከለ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ150 ነጥብ ላይ 20 ነጥብ በዘር ብቻ ይሰጥ ነበር፤ 100 ያመጣ ይገባል፤ በ2003 ተከለከለ። ዘርን ከሌሎች ነገሮች ጋር አብሮ ማየት ግን በዚያው ቀን ተፈቀደ። ሰኔ 29 ቀን 2023 ይህም በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ቀረ። የቀረችው በር የተማሪው ጽሑፍ ናት፦ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው መጻፍ ይችላል፤ ከራሱ ድፍረት ወይም ችሎታ ጋር እስከተያያዘ ድረስ።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ልጁን «ስለ ባህላችን ጻፍ» ይሉታል። ልጁም ስለ ቡና ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን፣ ስለ ዓድዋ ይጽፋል። ጽሑፉ ያምራል፤ ልጁ ግን የለበትም። አንባቢው ስሙን ቀይሮ ለሌላ ሐበሻ ልጅ ቢሰጠው የሚሠራ ከሆነ ጽሑፉ የጅምላ ነው። ለእናቱ የባንክ ደብዳቤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ሲያስተረጉም የተሳሳታትን አንዲት ቃልና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ቢጽፍ ኢትዮጵያዊነቱም ይታያል፣ እሱም ይታያል።

ቡድኑ ግለሰቡን የሚያሸንፍበት ጊዜ የለም ወይ? አለ፣ ጥቂት ነው። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሚሽ የሚባሉ፣ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ተለይተው የሚኖሩ ወላጆች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዳይልኩ ፈቀደ። አንዱ ዳኛ፣ ዊልያም ዳግላስ፣ «ልጁስ ተጠይቋል?» ብለው በከፊል ተለዩ። በ1978 ደግሞ ሳንታ ክላራ ፑዌብሎ በሚባል የነባር ሕዝቦች ጎሣ ውስጥ ከጎሣው ውጭ ያገባች ሴት ልጆች አባል አይሆኑም ነበር፤ ከውጭ ያገባ ወንድ ልጆች ግን ይሆናሉ። እናቲቱ ከሰሰች፣ ተረታች። አባልነትን የሚወስነው ጎሣው ራሱ ነው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት አይገባበትም ተባለ። እነዚህ ጎሣዎች በሕግ ዓይን እንደ መንግሥት እንጂ እንደ ዘር ስለማይታዩ ነው እንዲህ የሆነው፤ ለሌላው ወገን አይሠራም።

በመጨረሻ ጥገኝነት፤ ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚነካው ይህ ነው። ሕጉ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይጠይቃል። ፍርሃቱ የአመልካቹ የራሱ መሆን አለበት። ምክንያቱ ግን የወገን መሆን አለበት፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። አንዱ ከጎደለ ጉዳዩ ይወድቃል። «ሌባ ደበደበኝ» የራስ ነው፣ የወገን ምክንያት የለውም። «ወገኔ እየተሳደደ ነው» የወገን ነው፣ አመልካቹ አልታየበትም። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የወገኑ ምክንያት ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ፍርሃቱ ምን ያህል መሆን አለበት? በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዲት ኒካራጓዊት ባቀረበችው ጉዳይ ከአሥር አንድ ዕድል እንኳ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ሊሆን ይችላል ብሏል። በደንቡ ውስጥ ለጅምላውም አንድ ቀዳዳ ተትቷል፦ በአገሩ እንደ አመልካቹ ያሉ ሰዎች በሙሉ በተከታታይና በተለመደ አሠራር የሚሳደዱ ከሆነ፣ እሱን ለይተው እንደሚፈልጉት ማስረዳት የለበትም፤ ከዚያ ቡድን መሆኑን ማስረዳት ይበቃዋል። ቀዳዳው ጠባብ ነው። የሰብአዊ መብት ሪፖርት አትሞ ማስገባት ብቻውን አያሳልፍም፤ ስደቱ የተስፋፋ መሆኑ መታየት አለበት።

ቅጹ አይ-589 ነው፤ አገር ከተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፣ በሕግ ከታወቁ ልዩ ምክንያቶች በቀር። ክፍል ለ የደረሰው ጉዳት ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳደረሰውና ለምን እንዳደረሰው ይጠይቃል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከልባቸውን ሁለት ነገሮች ልጥቀስ።

አንደኛው ቀን ነው። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስንለውጥ ሰባትም ስምንትም እንደምራለን፤ ኅዳር 2008 የፈረንጆች 2015 ነው፣ ሚያዝያ 2008 ግን 2016 ነው። በኅዳር ስብሰባ ወጥቶ በሚያዝያ የታሰረ ሰው ሁሉም ላይ ስምንት ቢደምር እስሩን ከስብሰባው በፊት ያደርገዋል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጡ» ማለት በእነሱ ሁለት ሰዓት ነው። በሕጉ ትንሽ የሚመስል ግጭት እንኳ ተአማኒነትን ሊያሳጣ ይችላል፤ ዋናውን ነገር ባይነካም።

ሁለተኛው «እኛ» ነው። በአማርኛ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ «እኔ፣ እኔ» ማለት ያሳፍረዋል፤ «ተያዝን፣ ተመታን፣ ወሰዱን» ይላል። አስተርጓሚው እንዳለ ይተረጉመዋል። ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የጥገኝነት መኮንን ቀና ብሎ «እናንተ ማን ናችሁ?» ይላል። አመልካቹ «እኔ ነኝ» ሲል ከጽሑፉ ጋር ይጋጫል፤ «እኔና ጓደኞቼ» ሲል ደግሞ ስማቸውን፣ ብዛታቸውን፣ አሁን የት እንዳሉ ይጠየቃል፤ ያልተዘጋጀበት ነገር ነው። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት የተጻፈውን ቃል አውጥታችሁ «እኛ» የሚል ቦታ ሁሉ በእርሳስ አክብቡ፤ ከጎኑ ስንት ሰው እንደነበራችሁ፣ እነማን እንደነበሩ፣ ማን መጀመሪያ እንደተያዘና እናንተ የቱ ጋ ቆማችሁ እንደነበር ጻፉ።